የሙሽራዋ ረሃብ

ጌዲዮን ወገዳ ከተማ የገባው ሐሙስ ረፋድ ላይ ነው፤ ወሬው ግን ቀድሞት ገባ። ከሚኒባሱ ወርዶ የመንገዱን አቧራ ከልብሱ ላይ አራግፎ ሳይጨርስ፣ አንዲት ሽንኩርት ቸርቻሪ ለጎረቤቷ፣ ጎረቤቷ ለወፍጮ ቤቱ ሰው፣ የወፍጮ ቤቱም ሰው እስከ ወይዘሮ ፀሐይነሽ ደጅ አድርሰውት ነበር። «ያ ዲያቆን መጥቷል» ነው የተባለው። የትኛው ዲያቆን ብሎ የጠየቀ የለም። ከጥር ወዲህ ወገዳ ውስጥ «ያ ዲያቆን» አንድ ነው፤ «ያቺ ሙሽራ» የምትባለውም አንዲት ናት።

ያቺ ሙሽራ የወይዘሮ ፀሐይነሽ ልጅ አዲስዓለም ናት። ወሬው ሲደርሳት ደጅ ላይ ተቀምጣ ምስር እየለቀመች ነበር። እጇ ሰፌዱ ላይ ቀረ። አራት ወር ሙሉ ይህን ቀን ስትለምን ከርማ፣ ተስፋ ቆርጣ ከተወችው በኋላ መጣ። መጀመሪያ ያሰበችው «ደብዳቤዬን አምኖታል» ብላ ነው። የሰው ልብ ይገርማል እኮ። ያን ሁሉ ውርደት ተሸክሞ እንኳ አንድ የሚኒባስ ጥሩምባ ሲሰማ ተነሥቶ ፊቱን ይታጠባል። አዲስዓለምም ተነሥታ ፊቷን ታጠበች፤ ጸጉሯንም ሁለቴ አስራ ሁለቴ ፈታችው።

እሱ ከመናኸሪያው እስኪደርስ ድረስ፣ ነገሩ እንዴት እዚህ እንደደረሰ ልንገራችሁ።

ሁለቱም መምህራን ነበሩ፤ መካነ ኢየሱስ ከተማ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ እሷ ሒሳብ፣ እሱ ባዮሎጂ። ጌዲዮን ከመምህርነቱ ሌላ ዲያቆን ነው። እሁድ ይቀድሳል፣ ሰኞ ስለ ሴል ያስተምራል፤ ሁለቱ ነገሮች አንድም ቀን ተጋጭተውበት አያውቁም። አባቱ ቄስ ስማቸው በንፋስ መውጫ አካባቢ የታወቁ ካህን ናቸው። ቅስናው ከቅድመ አያት ለአያት፣ ከአያት ለአባት ሲወርድ የመጣ ነው፤ ከእሳቸው ቀጥሎ ለጌዲዮን እንደሚደርስም ማንም አልተጠራጠረም። የአዲስዓለም እናት ደግሞ ጠላ ሸጣ ነው ልጇን ያስተማረች። «የጠላ ቤት ልጅ ለመቅደስ አገልጋይ?» ያለ ዘመድ አልጠፋም። ጌዲዮን ግን ሦስት ዓመት አባቱን ለመናቸው።

ሦስቱን ዓመት በመምህራን ክፍል ውስጥ በዓይን ነው የኖሩት። እሱ ቾክ ሊወስድ ይነሣል፤ ቾኩ ያለው በስተግራ ነው፣ እሱ ግን በስተቀኝ በእሷ ጠረጴዛ በኩል ዞሮ ይሄዳል። እሷ የተማሪ ፈተና እያረመች ቀና አትልም፤ ጫማውን ብቻ ታያለች፣ ከጫማውም ልቧ ይመታል። በመጨረሻ ቄስ ስማቸው «በሥርዓቱ፣ በተክሊልና በቁርባን ይሁን፤ ከዚያ ወዲያ ልጄ ናት» ብለው ፈቀዱ። ዲያቆን ቄስ የሚሆነው ድንግል አግብቶ፣ ከሙሽራይቱ ጋር አብሮ ቆርቦ ነው። ይህን በዚያ አገር ሕፃኑም ያውቀዋል።

አዲስዓለም ለጌዲዮን ያልነገረችው አንድ ነገር ነበራት። ሰው አይደለም፤ ምግብ ነው።

ዩኒቨርሲቲ እያለች ጀመራት። ሰውነቷን ለመቀነስ ብላ ቁርስ ተወች፤ ቀጥላ ምሳ ተወች። ሁለት ሦስት ቀን በሻይ ትቆይና አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ በሯን ዘግታ፣ ለአራት ሰው የሚበቃውን ብቻዋን ትበላለች። ስትበላ አትቀምሰውም። ሆዷ ተወጥሮ ሲያማት እንኳ እጇ አያርፍም፤ ሌላ ሰው በግድ የሚያጎርሳት ያህል ትውጣለች። ሲያበቃ ታለቅሳለች፣ ሁለተኛ አይለምደኝም ብላ ትምላለች፣ የበላችውንም ለመካስ ትራባለች። መራቧ ያንኑ መልሶ ያመጣባታል። በጾም ወራት ይብስባታል። ሌላው ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሞ፣ ማዕድ ቀርቦ፣ በልቶ አመስግኖ ይነሣል፤ እሷ አንዴ ከጀመረች መነሻው ይጠፋባታል። መካነ ኢየሱስ በተከራየችው ክፍል አልጋዋ ሥር የቆሎ ከረጢትና ባዶ የብስኩት ካርቶን ትደብቅ ነበር። የሰረቀችው ነገር የለም፤ እንደ ሌባ የምትደበቀው ግን እሷ ነበረች።

ልትነግረው የወሰነችበት ቀን ነበረ። ያን ቀን በትምህርት ቤቱ ልማድ መሠረት አንዱ መምህር የሌላውን ትምህርት ገብቶ ያያል፤ እሷም የጌዲዮን ክፍል ደረሳትና ከኋላ ወንበር ተቀመጠች። ጌዲዮን ሰሌዳው ላይ ሆድና አንጎል ሥሎ ስለ ረሃብ ያስረዳል። ሆድ ባዶ ሲሆን ግሬሊን የሚባል ሆርሞን ይለቃል፣ አንጎልን «አብላኝ» ይለዋል። ስብ ደግሞ ሌፕቲን ይልካል፣ «ይበቃል» ይላል። በጣም በሚያምር አማርኛ ነበር የሚያስረዳው፤ እሷም በኩራት ታየዋለች። በመሐል አንድ ተማሪ እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ ይበቃል ከተባለ በኋላ ዝም ብሎ የሚበላ ሰውስ?»

«እሱማ የሆርሞን ሳይሆን የሆዳምነት ነው» አለ ጌዲዮን እየሳቀ። «ለንስሐ አባቱ ይንገር።»

ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። ጌዲዮን እየሳቀ በዓይኑ ፈለጋት፤ አገኛት፤ እሷም ፈገግ አለችለት። ያን ፈገግታ የፍቅር አድርጎ ወሰደው። ውስጧ ግን አንድ በር በላይዋ ላይ ተዘጋ፤ ከዚያን ቀን ወዲያ ልነግረው ነው ብላ አስባ አታውቅም።

ሠርጉ በእናቷ አገር በወገዳ እንዲሆን ለጥር ተቆረጠ። የንስሐ አባቷ ቄስ አስማረ የሰባት ቀን ቀኖና ሰጧት፤ በየቀኑ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንድትጾም። እሷ በዚያ ላይ የራሷን ጨመረችበት። የተከራየችው ቀሚስ ወገቡ ጠቧት ስለነበር፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላም ከሻይ በቀር አልቀመሰችም። ስድስት ቀን እንዲህ ሰነበተች። ሰባተኛው ቅዳሜ ነው። የሚቆርብ ሰው ከቁርባኑ በፊት አሥራ ስምንት ሰዓት ከምግብም ከውሃም ይከለከላልና፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ አፏ ታሰረ። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን እናቷ «ነጠላዬን ከጓዳ አምጪልኝ» ብላ ላከቻት። ጓዳው ውስጥ የሠርጉ ድፎ ዳቦ ተደርድሯል፤ ከጎኑ በቅቤ የተለወሰ በሶ በገበቴ፣ ማርም በማሰሮ ተቀምጧል። አዲስዓለም በሩን ከውስጥ ቀረቀረችው። ስትወጣ ነጠላውን ይዛ ነበር፤ እናቷም «ምነው ቆየሽ?» ከማለት በቀር ምንም አልጠረጠረች።

እሁድ ማለዳ ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቷል። የጌዲዮን ወገኖች ከንፋስ መውጫ በሁለት መኪና መጥተዋል። ካባው ተዘጋጅቷል፣ አክሊሉ ተዘጋጅቷል። አዲስዓለም ወደ ቄስ አስማረ ተጠግታ «አባቴ፣ እኔ አልቆርብም» አለች።

«ምን ሆንሽ ልጄ?»

አንገቷን ደፋች።

«የምትነግሪኝ ነገር አለ?»

አሁንም ዝም። «ትናንት በላሁ» ብትል ኖሮ ለሚቀጥለው እሁድ ይተላለፍ ነበር። የአንድ ሳምንት ነገር ነበር። ዛሬ ይህን ስታስበው ራሷን በጥፊ መምታት ያምራታል። ያን ጊዜ ግን «ሙሽራዋ አላስቻላትም፣ በላች» የሚለው ቃል በአራት መቶ ሰው አፍ ሲዞር ተሰማት። ከሁሉ በላይ ደግሞ የጌዲዮን ሳቅ ተሰማት። ስለዚህ አለቀሰች እንጂ አልተናገረችም። ዝምታዋን ሕዝቡ ራሱ ሞላላት። የዲያቆን ሙሽራ ከቁርባን የምትሸሽበት ምክንያት በዚያ አገር አንድ ብቻ ነው፤ ሰው ነክቷታል። ቄስ ስማቸው ልጃቸውን በእጁ ይዘው ወጡ። ጌዲዮን ደጀ ሰላሙ ላይ አንድ ጊዜ ዞሮ አያት። ቢሰድባት ይሻላት ነበር።

ለእናቷ እውነቱን የነገረቻት በሦስተኛው ቀን ነው። ወይዘሮ ፀሐይነሽ ሰምታ ሰምታ ጉልበቷን መታች። «ስለ ዳቦ ብላ ሠርጓን የምታፈርስ ሙሽራ የት አገር አለች? ሰው ካለ ንገሪኝ። እናትሽ ነኝ፣ እኔ ምን አደርግሻለሁ?» እንግዲህ ልብ በሉ፤ ያላደረገችውን ሁሉም አመናት፣ ያደረገችውን ማንም አላመናት። ሐኪም ይመርምራትና ወረቀት ይጻፍላት ያሉም ነበሩ። አዲስዓለም «በወረቀት የሚመጣ ባል ይቅርብኝ» ብላ እንቢ አለች፤ እንቢታዋንም ማስረጃ አደረጉባት።

ወደ ትምህርት ቤቱም ሳትመለስ እናቷ ቤት ቀረች። በመጋቢት ወር፣ ለአራት ቀን እህል ሳትቀምስ ቆይታ ደጅ ላይ ወደቀችና ጤና ጣቢያ ወሰዷት። እዚያ ሰርካለም የምትባል፣ የአእምሮ ጤና የተማረች ነርስ አገኘቻት። ሰርካለም በሩን ዘግታ፣ ወንበሯን ጠጋ አድርጋ ጠየቀቻት። አዲስዓለም የመለሰችው አንድ ቃል ነው።

«ሆዳም ነኝ።»

«ስንት ቀን ሳትበዪ ቆየሽ?»

«አራት።»

«ሆዳም ሰው አራት ቀን አይራብም» አለች ሰርካለም። «በይ ሁሉንም ንገሪኝ።»

ነገረቻት። ሰርካለም አልሳቀችም፤ አልደነገጠችምም። «ስሚኝ» አለቻት። «ሆድሽ ባዶ በቆየ ቁጥር ግሬሊን የሚባለው ይጨምራል። ስትከሺ ደግሞ ሌፕቲን ይቀንሳል። አንጎልሽ ለቀሚስ ብለሽ እንደተራብሽ አያውቅም፤ ድርቅ የገባ ነው የሚመስለው። ምግብ ያገኘሽ ዕለት፣ ነገ ላይኖር ይችላል፣ አሁን ጨርሺው ይልሻል።»

«ሌላው ሰውስ? አገር በሙሉ ይጾማል እኮ። እኔን ብቻ ለምን?»

«ጠላውን ሁሉም ይጠጣል፣ የሚሸነፍለት ግን አንዳንዱ ነው። አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚባል አለ። ይህ ነገር ጠቅሞሻል፣ ድገሚው እያለ ያስለምዳል። አንቺ ተርበሽም ተጨንቀሽም በምግብ ተጽናናሽ፤ እሱ ተማረ። አሁን ገና ሳትቀምሺው፣ ዳቦውን ስታዪው ይጎትትሻል። ስትበዪው የማይጣፍጥሽን ነገር ለምን እንደዚያ እንደምትፈልጊው ገርሞሽ አያውቅም?»

«ሁልጊዜ ይገርመኛል።»

«መፈለግ ሌላ፣ መደሰት ሌላ ነው። ያንቺ የታመመው መፈለጉ ነው። ይታከማል። ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት ሰዓቱን ጠብቀሽ ትበያለሽ፤ ረጅም ሰዓት ባዶ ሆድሽን አትውዪም፤ በየሳምንቱ እየመጣሽ እናወራለን።»

አዲስዓለም በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ «የታመመው» የሚለውን ቃል እንደ ምርቃት ሰማችው። ቤቷ ገብታ ለጌዲዮን ጻፈች። «ጌዲዮን ሆይ፣» ይላል ደብዳቤው፣ «በመካከላችን የቆመ ወንድ የለም፤ ኖሮም አያውቅም። ስድስት ቀን በሻይ ብቻ ሰንብቼ፣ ያን ቅዳሜ በአሥራ አንድ ሰዓት ጓዳ ገብቼ በላሁ። ያስተማርኸው ሁሉ በእኔ ላይ ነበረ። ግሬሊኑም፣ ሌፕቲኑም በእኔ ውስጥ ነው የሚጮኹት። አንተ ያላስተማርኸው ዶፓሚን የሚባለውም አለ፣ እሱ ደግሞ ከሁሉ ይብሳል። ሆዳምነት አይደለም ብላኛለች ነርሷ። ሆዳምነትም ቢሆን፣ ክህደት አይደለም። ካመንኸኝ አንድ መስመር ጻፍልኝ።» በሚኒባስ ሹፌር እጅ ላከችው። መልስ አልመጣም።

እነሆ አሁን ራሱ መጣ።

ወይዘሮ ፀሐይነሽ በሩ ላይ ተቀበለችው። «እንደምን ሰነበትህ ልጄ? አባትህስ እንዴት ናቸው?» አለችው። ወንበር ሰጥታው፣ ውሃ ሰጥታው፣ ጎረቤት ልጠይቅ ብላ ወጣች። ሁለቱ ቤት ውስጥ ቀሩ። ጌዲዮን ከስቷል። ዓይኑ ዓይኗን ሲያገኝ ሸሸ፤ ተመልሶ መጣ፤ ደግሞ ሸሸ። አዲስዓለም ጫማውን አየች። ልቧ እንደ ድሮው መታ፤ በራሷ አፈረች።

«እሁድ እቆርባለሁ» አላት።

ለመረዳት ጊዜ ወሰደባት። «ከማን ጋር?»

«ኤደን ትባላለች። የደብረ ታቦር ልጅ ናት። አባቴ ናቸው ያዩልኝ።»

ጸጉሯን ሁለቴ ማሰሯ ትዝ አላትና ነጠላዋን ወደ ግንባሯ ሳበች። ከዚያች ነጠላ በታች ሞት ቢመጣላት ደስ ባላት።

«የንስሐ አባቴ ቂም ይዘህ አትቆርብም አሉኝ» ቀጠለ ጌዲዮን፣ ወለሉን እያየ። «የተቀየምኸው ሰው ካለ ሄደህ ታረቅ አሉኝ። በቀን በሌሊት የማስበው ያንቺን ነገር ነው፣ አዲስዓለም። እንዲህ ሆኜ እጄን ለሌላ ሴት መስጠት አልችልም። ስለዚህ መጣሁ። ይቅር ብየሻለሁ። ሰውየው ማንም ይሁን ማን።»

«ሰውየው የለም።»

«እባክሽ…»

«ጽፌልሃለሁ።»

«አንብቤዋለሁ። ቀደድሁት።» ፊቱ ቀላ። «ከኔው ክፍል የሰማሽውን ግሬሊን፣ ሌፕቲን ብለሽ ስትጽፊልኝ ምን እንደመሰለኝ ታውቂያለሽ? የምታሾፊብኝ መሰለኝ። ለባዮሎጂ መምህር ከባዮሎጂ ሰበብ የሰፋሽለት መሰለኝ። እንዲያ ከምትጽፊልኝ የሰውየውን ስም ብትጽፊልኝ አልሁ።»

መልሱን ስትጠብቅ የከረመችበት ደብዳቤ መጨረሻው ይህ ነበር። አዲስዓለም ማልቀስ ፈልጋ ነበር፤ የመጣላት ግን ንዴት ነው፤ ንዴቱም ምላሷን ፈታላት።

«ለእናትህ የገዛኸውን ቴምር ታስታውሳለህ? ሦስት ኪሎ። እስከ ነገ አስቀምጪልኝ ብለህ ሰጠኸኝ። በማግሥቱ ምን አልሁህ?»

«አይጥ በላው አልሽኝ።»

«አይጥ ሦስት ኪሎ ቴምር በአንድ ቀን ይበላል? ፍሬውንስ አይጥ በፌስታል ቋጥሮ ይጥላል? ቅዳሜ ቅዳሜ ስልኬን የማላነሣው ለምን ነበር ትላለህ? የመምህራን ቀን ግብዣ ላይ አንድ ጉርሻ ሳልቀምስ ተነሥቼ ቤቴ የሮጥሁት ምን ላደርግ ነበር? አሞኛል አልሁህ፣ አንተም መድኃኒት ገዝተህ መጣህ። በሩን አልከፈትሁልህም። በሩን ያልከፈትሁልህ ወለሉ ላይ የፈሰሰውን የብስኩት ፍርፋሪ እንዳታይ ነው።»

ጌዲዮን ቀና አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አያት። ያን በር ያስታውሰዋል፤ መድኃኒቱን ይዞ ግማሽ ሰዓት ቆሞበታል፤ ከጥር ወዲህም ያን በር እያሰበ ውስጥ ማን ነበረ እያለ ብዙ ተሠቃይቷል። አሁን ባለበት ተቀምጦ ሁሉንም አንድ በአንድ መልሶ ሲያይ፣ ፊቱ ሲለዋወጥ ታየዋለች። መምህር ነውና ነገሩ ሲገባው ያስታውቅበታል።

«ስድስት ቀን ተርበሽ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ከዚያ ጓዳ።»

«ከዚያ ጓዳ።»

«ለምን አልነገርሽኝም? ለእኔ?»

«ክፍል ውስጥ ስትስቅ ከኋላ ተቀምጬ ነበር።»

ጌዲዮን ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ትከሻው ሲርገበገብ አየችና እሷም አለቀሰች፤ ግን ደስ የሚል ለቅሶ ነበር። ጌዲዮን እጇን ያዘ። «ምንም አልበደልሽኝም» አላት። «እኔ ነኝ የበደልሁሽ። ምንም አልበደልሽኝም እኮ።» አራት ወር ሙሉ በሕልሟ የሰማችው ቃል ነው፤ ከሕልሟ ይልቅ ድምጹ የሻከረ ነበር፣ ስለዚህ እውነት መሆኑን አወቀች። ያን ጊዜ ነፍስሽን ስጪ ቢሏት ቅር አይላትም ነበር።

«እሁድን አስቀረዋለሁ» አለ። «አባቴን እነግራቸዋለሁ። ኤደንን… እግዚአብሔር ያውቃል፣ ገና አልቆረብንም። አንቺና እኔ ቀኖናውን እንደገና እንጀምራለን። አሥራ ስምንት ሰዓት እኮ ነው። እኔ ካጠገብሽ አልለይም።»

«ከዚያስ በኋላ?»

«ከዚያማ እቀስሳለሁ። ንፋስ መውጫ እንገባለን።»

«የቄስ ሚስት ሆኜ ሁዳዴ ይመጣል» አለች አዲስዓለም። «ፍልሰታ ይመጣል። ሰርካለም ረጅም ሰዓት ባዶ ሆድሽን አትዋይ ብላኛለች። እስክድን ድረስ መድኃኒቴ በሰዓቱ መብላት ነው፣ ጌዲዮን። አንድ ዓመት ይፈጅ ይሆናል፣ ሁለትም ይሆናል። እሷም አላወቀችውም።»

«ቀስ በቀስ ትለምጂዋለሽ።»

ይህን ያለው በፍቅር ነው። ለዚህ ነው የከፋው። አዲስዓለም እጇን ከእጁ አላወጣችም፤ ግን እጇ ውስጥ የነበረው ሙቀት ሲወጣ ተሰማት።

«ለታመመ ሰው ይፈቀዳል። ከእኔ አንተ ታውቃለህ።»

«ይፈቀዳል።» ጌዲዮን ተነሥቶ እስከ በሩ ሄዶ ተመለሰ። «ይፈቀዳል፤ ግን ምን ታማለች ልበላቸው? ጨጓራ ብል ይገባቸዋል። ስኳር ብል ይገባቸዋል። የቄሱ ሚስት ጾም የማትጾመው ከልክ በላይ መብላት ስለሚያማት ነው ልበል? አባቴ ፊት ቆሜ? ሰበካ ጉባኤው ፊት?»

«እውነቱን በል። ለተማሪዎችህ እንደምታስረዳው አስረዳቸው።»

አዲስዓለም ጠበቀች። አንድ ቃል ነበር የምትጠብቀው። «ቅስናው ይቅር» እንዲላት አይደለም፤ ያን ያህል አልተመኘችም። «እላለሁ» እንዲላት ብቻ ነው። አፉ ሁለት ጊዜ ተከፈተ፣ ሁለት ጊዜ ተዘጋ። ከውጭ የእናቷ ድምፅ ይሰማል፣ ከጎረቤት ጋር የማያስፈልግ ወሬ ታወራለች፤ ጊዜ ልትሰጣቸው ነው።

«ሰው ነበረ ብትዪኝ ይቀለኝ ነበር» አለ በመጨረሻ። አላያትም። ለራሱ የሚያወራ ነው የሚመስለው። «እሱን ይቅር ልልሽ ተዘጋጅቼ ነው የመጣሁ። ያን ያህል መንገድ ስለው ስለው መጣሁ። ለዚህኛው ግን ምን እንደምሆን አላውቅም። ይህን አውቄ ከኤደን ጋር መቅደስ ውስጥ እንዴት እቆማለሁ? ካንቺስ ጋር እንዴት እቆማለሁ?»

አዲስዓለም ያን ጊዜ አየችው። ሦስት ዓመት በጫማው የምታውቀውን ሰው ሙሉ ለሙሉ አየችው። ክፉ ሰው አይደለም። የሚወዳት ሰው ነው። ግን ኃጢአቷን መሸከም የሚችልና ሕመሟን መሸከም የማይችል ሰው ነው፤ ይህን እሱ ራሱ ገና አላወቀውም። ዛሬ ቢወስዳት፣ በየማዕዱ እጇን እየቆጠረ፣ በየጾሙ እያፈረባት፣ ቀስ በቀስ ይጠላታል። እየጠላትም ይቅርታ ይጠይቃታል። ከዚያ ይልቅ አሁን፣ እየወደዳት ይሂድ አለች።

«ሰው ነበረ» አለችው።

«ምን?»

«ሰው ነበረ። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ። የጻፍሁልህ ውሸት ነው። ቴምሩንም አይጥ ነው የበላው።»

«አዲስዓለም።»

«ስሙን አልነግርህም። ላባትህም የሰውየውን ስም ደበቀችኝ በላቸው። ይቅር ካልኸኝ ይበቃኛል።»

ጌዲዮን ለረጅም ጊዜ አያት። አላመናትም። ይህን ከዓይኑ በግልጽ አነበበችው፤ ስለዚህም ደስ አላት፣ ስለዚህም ፈራች። እንቢ በለኝ አለችው በልቧ። ውሸታም ነሽ በለኝ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ውሸታም ነሽ በለኝና ባለህበት ተቀመጥ። እሱ ግን ዓይኑን ወደ በሩ አዞረና ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። ከጥር ጀምሮ የከበደው ትከሻ ቀስ ብሎ ወረደ። ፊቱ ላይ ዕረፍት አየች።

«እግዚአብሔር ይቅር ይበልሽ» አላት።

«አሜን» አለች፤ ሌላ ምን ትበል።